ምዕራፍ ስድስት፦ ያለ መኪና፣ ለብቻ፣ ዲዝኒ ወርልድ

ከኦርላንዶ መሃል ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ያህል በመኪና ሲጓዙ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው ሰፊ ይዞታ ይጀምራል። ስፋቱ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ብዙ አያንስም። በውስጡ አራት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች፣ ሁለት የውሃ መጫወቻዎች፣ ዲዝኒ ስፕሪንግስ የሚባል የገበያና የምግብ ሰፈር፣ ከሃያ በላይ ሆቴሎች፣ ሐይቆችና ደን አሉ። ከፓርኮቹ መካከል ከማጂክ ኪንግደም እስከ አኒማል ኪንግደም ብቻ 10 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ፍሎሪዳ ደግሞ መኪና የሌለው ሰው ብዙም የማይታሰብበት ግዛት ነው። እግረኛ መንገዱ ድንገት ያልቃል፤ አውቶቡሱ ከስንት አንዴ ይመጣል። ይህን ሁሉ ካርታ ላይ ያየ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ወይም ብቻውን መንዳት የማይፈልግ ሰው «ይህ ለእኔ የሚሆን አይደለም» ብሎ ቢተወው አይፈረድበትም።

እኔ ግን ተቃራኒውን ነው የምለው። በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን፣ ያለ መኪና ዕረፍት ለሚወጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ውሳኔ ብቻ በትክክል መወሰን አለበት፤ እሱም የት እንደሚያድሩ ነው።

ምክንያቱን ለማየት በማጂክ ኪንግደም በር እንጀምር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ወራትና ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ፓርክ ጥቅምት 1 ቀን 1971 ሲከፈት የመኪና ማቆሚያው ከበሩ አጠገብ አልተሠራም። በመኪናው የሚመጣ ሰው ዛሬም በቀን 30 ዶላር ገደማ ከፍሎ፣ ሰው ሠራሽ ከሆነው ሐይቅ ማዶ ያቆማል። ከዚያ ወደ ትኬትና ትራንስፖርት ማዕከሉ ይሄዳል፤ ፍተሻውን ያልፋል፤ በጀልባ ወይም ሞኖሬል በሚባለው ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር ሐይቁን ተሻግሮ በሩ ላይ ይደርሳል። ማታ ርችቱ ሲያልቅ ይህንኑ ሁሉ ወደኋላ ይደግመዋል፤ እንቅልፍ የጣለው ልጅ ትከሻው ላይ፣ ጋሪው በእጁ፣ ከፊቱ ሺህ ሰው። ከዲዝኒ ሆቴሎች በአውቶቡስ የመጣው እንግዳ ግን ከመግቢያው በር ጥቂት እርምጃ ላይ ወርዶ ይገባል። ኡበር ወይም ሊፍት እንኳ የሚያወርደው ማዶ ነው። ስለዚህ በዚህ ፓርክ ደጃፍ ባለ መኪናው የሩቅ እንግዳ፣ መኪና የሌለው ደግሞ የቅርብ ሰው ነው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነገር አይደለም። ዋልት ዲዝኒ በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ አናሃይም ላይ የመጀመሪያውን ዲዝኒላንድ ሲከፍት ለዙሪያው መሬት የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። ሞቴሎችና የማስታወቂያ ሰሌዳዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግቢውን ከበቡት። ፍሎሪዳ ላይ በ1960ዎቹ አጋማሽ መሬት ሲገዛ በሌሎች ኩባንያዎች ስም ተደብቆ፣ የሚያስፈልገውን እጥፍ ድርብ አድርጎ የገዛው ለዚህ ነበር። ሕልሙም ከፓርክ ያለፈ ነው። በ1966 መገባደጃ፣ ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት በተቀረጸ ፊልም ላይ ኤፕኮት የተባለች አዲስ ከተማ ዕቅድ አቅርቦ ነበር። በዚያች ከተማ መኪናና የጭነት መኪና ከመሬት በታች ይሄዳሉ። ሰው ከላይ በእግሩ፣ በሞኖሬልና ፒፕልሙቨር በተባለ ቆሞ በማያውቅ ትንሽ ባቡር ይንቀሳቀሳል። ዋልት ታኅሣሥ 15 ቀን 1966 ሞተ፤ ከተማዋም ሳትሠራ ቀረች። በስሟ በ1982 የተከፈተው ፓርክ ሌላ ነገር ነው። ሆኖም ሞኖሬሉ ተሠርቷል፤ ፒፕልሙቨሩም ከ1975 ጀምሮ በማጂክ ኪንግደም የቱሞሮውላንድ ክፍል ከሰው ራስ በላይ ይዞራል። ሲሳፈሩበት ጨለማ ውስጥ ገብቶ በመስታወት ጀርባ የዚያችን ከተማ ሞዴል ያሳይዎታል፤ ጥቃቅን መብራቶቿ በርተው። ብዙ ሰው ስልኩን እያየ ያልፋታል። እርስዎ ግን በደንብ ይዩዋት፤ ያለ መኪና መምጣትዎን የሚያቀልልዎት ሁሉ የመነጨው ከዚያች ዕቅድ ነው።

አሁን ወደ አልጋው። በይዞታው ውስጥ የሚዘዋወሩት አውቶቡሶች፣ ሞኖሬሎች፣ ጀልባዎችና ስካይላይነር ሁሉም በነጻ ናቸው። ስካይላይነር በአየር ላይ በተዘረጋ ገመድ የሚሄዱ፣ እስከ አሥር ሰው የሚይዙ ካቢኖች ያሉት መስመር ነው፤ በመስከረም 2019 ሥራ ጀመረ። ካሪቢያን ቢች፣ ሪቪዬራ፣ ፖፕ ሴንቸሪ እና አርት ኦፍ አኒሜሽን የሚባሉትን ሆቴሎች ከኤፕኮትና ከሆሊውድ ስቱዲዮስ ፓርኮች ጋር ያገናኛል። ፖፕ ሴንቸሪና አርት ኦፍ አኒሜሽን ዲዝኒ በዝቅተኛ የዋጋ ደረጃ ከሚያስቀምጣቸው ሆቴሎች መካከል ሲሆኑ ሁለቱም አንድ ትንሽ ሐይቅ ዳር በአንድ ጣቢያ ይጠቀማሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ለሚሄድ ሰው የምመክረው ፖፕ ሴንቸሪን ነው። ከክፍልዎ ወጥተው ጣቢያው ድረስ በእግር ይሄዳሉ፤ ካቢኖቹ ሳያቋርጡ ስለሚመጡ የሰዓት ሰሌዳ የሚባል ጭንቀት የለም፤ ለሁለቱ ሌሎች ፓርኮች ደግሞ አውቶቡሱ ሆቴሉ በር ላይ ይጠብቅዎታል። ከእሱ የሚረክሱት ኦል ስታር የሚባሉት ሦስት ሆቴሎች ያላቸው አውቶቡስ ብቻ ነው። እነሱም ያደርሳሉ፤ የዋጋው ልዩነት ትልቅ በሆነበት ሳምንት እነሱን መምረጥ ጥፋት የለውም።

የአውቶቡሱን ጠባይ ግን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ከሆቴል ወደ ፓርክ፣ ከፓርክ ወደ ፓርክ፣ ከሆቴል ወደ ዲዝኒ ስፕሪንግስ ይወስዳል። ከሆቴል ወደ ሆቴል ግን ቀጥታ የለውም። ሌላ ሆቴል ውስጥ እራት የያዘ ሰው መጀመሪያ ወደ አንድ ፓርክ ወይም ወደ ስፕሪንግስ ሄዶ መቀየር አለበት። ከስፕሪንግስ ወደ ፓርኮቹም በቀጥታ የሚሄድ የለም። ስለዚህ ሰዓት የተቆረጠለት ቀጠሮ ካለዎት አንድ ሰዓት፣ መቀየር ካለበት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው ይነሱ። አጭር ርቀት በእግር የሚሄድ ሰው ደግሞ ብዙ ያተርፋል፦ ከኮንቴምፖራሪ ሆቴል ማጂክ ኪንግደም አሥር ደቂቃ ያህል ነው፤ ከኤፕኮት የኋላ በር እስከ ሆሊውድ ስቱዲዮስ በቦዩ ዳር የሚወስድ፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ የእግር መንገድ አለ። ማታ ስካይላይነሩ ላይ ወረፋው ሲረዝም ይህን መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ቀስ ብለው ወጥተው ይሄዳሉ።

ከይዞታው ውጭ፣ በኪሲሚ ከተማ በኩል ባለው አውራ ጎዳና ዳር፣ በግማሽ ዋጋ የሚያሳድሩ ሆቴሎች ሞልተዋል። ብዙዎቹ «ወደ ዲዝኒ ነጻ ሸትል አለን» ይላሉ። ይህን ሲያነቡ ስልክ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ሸትሉ በቀን ስንት ጊዜ ይሄዳል? የት ያወርዳል? የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት ነው? ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ ወይም ሁለት ጉዞ፣ ማውረጃውም አንድ ቦታ ብቻ የሚል ነው። ቤተሰብ ሆኖ መኪና ላለው ሰው እነዚህ ሆቴሎች ጥሩ ናቸው። ለብቻው ላለ እግረኛ ግን ርካሹ አልጋ በኡበር ሒሳብ ያልቃል፤ ከዚህም በላይ ቀትር ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ተመልሶ ጋደም ማለት አይቻልም። ያቺ የቀትር ዕረፍት ደግሞ የጉዞው ግማሽ ጤና ናት።

ብቻውን የሚሄድ ሰው ገንዘብ ላይ የሚጎዳበት ቦታ አንድ ነው፦ ክፍሉ። የሆቴሉ ዋጋ የሚሰላው ለክፍሉ እንጂ ለሰው ስላልሆነ ለአራት የሚበቃውን ክፍል ብቻዎን ይከፍሉታል። ሌላው ሁሉ ለአንድ ሰው የተመቸ ነው። የመኪና ኪራይ፣ ቤንዚን፣ ከአየር ማረፊያው ወደ ዲዝኒ በሚወስዱት ፈጣን መንገዶች ላይ የሚከፈለው ቶል፣ ውጭ ላደረ ሰው ፓርኪንጉ፣ ዕድሜው ከ25 በታች ለሆነ ደግሞ አከራዮች የሚጨምሩት ተጨማሪ ክፍያ፦ ይህ ሁሉ ከእርስዎ ዝርዝር ይወጣል። ወረቀት ይዘው ይደምሩት፤ ውስጥ በማደርና ውጭ በማደር መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ በዚህ ይሸፈናል። የፓርኩ ትኬት ከ100 ዶላር በላይ ሲሆን ዋጋው እንደ ቀኑ ይለያያል፤ የቀኖቹ ቁጥር ሲጨምር የአንዱ ቀን ዋጋ ይቀንሳል። ከፓርክ ወደ ፓርክ በአንድ ቀን የሚያዘዋውረውን ጭማሪ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው አልመክርም። በቀን አንድ ፓርክ ይበቃል።

እዚያ መድረሱስ? እስከ 2021 መጨረሻ ድረስ ዲዝኒ ለሆቴል እንግዶቹ ከኦርላንዶ አየር ማረፊያ ነጻ አውቶቡስ ነበረው፤ አሁን ቀርቷል። በምትኩ ሚርስ ኮኔክትን የመሰሉ የሚከፈልባቸው አውቶቡሶች አሉ። ለሦስትና ለአራት ሰው ኡበሩ ይሻላል፤ ለአንድ ሰው ግን አውቶቡሱ ይረክሳል። ሊንክስ የሚባለው የከተማው አውቶቡስም ወደ ዲዝኒ አካባቢ ይሄዳል፤ ርካሽ ነው፣ ግን ሻንጣ ይዞ ረጅም ጊዜ መቀመጥን ይጠይቃል። ከማያሚ ለሚመጣ ሰው ከመስከረም 2023 ጀምሮ ብራይትላይን የሚባለው ባቡር እስከ ኦርላንዶ አየር ማረፊያ ድረስ ይመጣል።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላለው ወገናችን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሎርተን፣ ቨርጂኒያ «ወደ ፍሎሪዳ» የሚል ባቡር አለ፤ ኦቶ ትሬን ይባላል፤ ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ያደርሳል። ነገር ግን መኪናውን ጭኖ የሚሄድ ሰው ብቻ ነው የሚሳፈርበት። እግረኛውን የሚወስደው ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ማታ የሚነሳው የአምትራኩ ሲልቨር ሚቲዮር ነው። በማግስቱ ቀትር ገደማ ኦርላንዶ፣ ቀጥሎም ለዲዝኒ ይበልጥ ቅርብ የሆነችው ኪሲሚ ይደርሳል። ባቡሩ መዘግየት ያውቃል። ስለዚህ ለደረሱበት ቀን የፓርክ ትኬት አይግዙ፤ ያንን ቀን ለሆቴሉ፣ ለስካይላይነሩና ለእራት ይተዉት።

አሁን ብቻን መሆን የሚያስገኘውን ጥቅም እንመልከት፤ ከሁሉ የሚያስደስተኝም ይኸው ነው። በአኒማል ኪንግደም ኤክስፔዲሽን ኤቨረስት የሚባል፣ በ2006 የተከፈተ ሮለር ኮስተር አለ። አንዱ ባቡር 34 ሰው ይይዛል፤ በአንድ ረድፍ ሁለት ሁለት። ሦስት ሆኖ የመጣ ቤተሰብ ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ ከሦስተኛው ጎን አንድ ወንበር ባዶ ትሆናለች። አስተናጋጇ ቤተሰቡን በጣቷ ቆጥራ ትመድባለች፤ ከዚያ ወደ ጎን ዞር ትላለች። በዚያ በኩል ብቻቸውን የመጡ ሰዎች ለብቻቸው ተሰልፈዋል። አንዱን ትጠራዋለች፤ ገብቶ ባዶዋን ወንበር ይሞላታል፤ ባቡሩ ይነሳል። ሙሉው ወረፋ አንድ ሰዓት በሚፈጅበት ቀን ይህ መስመር ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። በሆሊውድ ስቱዲዮስ ሚሌኒየም ፋልከን የተባለው የፊልም የጠፈር መርከብ መጫወቻም እንዲሁ ነው፦ አንዱ ክፍል ስድስት ሰው ይፈልጋል፣ ሁለት ነጂ፣ ሁለት ተኳሽ፣ ሁለት መሐንዲስ። አምስት ሆነው ከመጡ ስድስተኛው እርስዎ ነዎት፤ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ፣ በመሐንዲሱ ወንበር።

ታዲያ ይህ አቋራጭ የሚያስከፍለው ነገርም አለው። የኤቨረስት ዋናው ወረፋ የሂማላያ መንደር፣ ቤተ መቅደስና የየቲ ሙዚየም ውስጥ እያለፈ ነው የሚወስደው፤ ዕቃው አንድ በአንድ የሚታይ ነው። የብቸኞቹ መስመር ይህን ሁሉ ይዘልለዋል። በፋልከኑም የመርከቡን ውስጠኛ ክፍል ሳያዩ ያልፋሉ፤ የነጂውም ወንበር አይደርስዎትም። የእኔ ምክር ለመጀመሪያው ጊዜ ጠዋት ወረፋው አጭር ሳለ በዋናው በር መግባት፣ መድገም ሲያምርዎት በጎን በኩል መሄድ ነው። ጠዋት አጭር ወረፋ የሚገኘው እንዴት ነው? በዲዝኒ ሆቴል ያደረ ሰው በየቀኑ በማንኛውም ፓርክ ከሌላው ሰው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይገባል። በዚያች ግማሽ ሰዓትና ቀጥሎ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ብቻውን የሆነ ሰው የሚሠራውን ስድስት የሆነ ቤተሰብ እስከ ቀትር አይሠራውም። ጫማ የሚፈታበት፣ ሽንት ቤት የሚሄድ፣ ሐሳቡን የሚቀይር ሌላ ሰው የለምና። ስለዚህ ላይትኒንግ ሌን የሚባለውን የሚገዛ አቋራጭ ለመጀመሪያው ቀን አይግዙ። ያለ እሱ ያዩታል፤ ካስፈለገ ለሁለተኛው ቀን ይገዛል።

ምግብ ላይ ብዙዎቻችን እንቸገራለን። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» እየተባለ ላደገ ሰው ለአንድ ሰው ጠረጴዛ ይዞ መቀመጥ ቀላል አይደለም። መፍትሔው ጊዜን መቀየር ነው፦ ሰው ሁሉ ከሚበላበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድሞ በስልክ አዝዞ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ይዞ መብላት። በኤፕኮት የ11 አገሮች ድንኳኖች ሐይቁን ከብበው ይገኛሉ፤ ከአንዱ ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ እየቀመሱ መዞር እዚያ የተለመደ ነው፤ ብቻዎን መሆንዎን ማንም ልብ አይልም። የሚጾም ሰው ደግሞ አይጨነቅ። ከ2019 ወዲህ የእንስሳት ተዋጽኦ የሌለባቸው ምግቦች በዝርዝሩ ላይ በአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ይታያሉ። ስለ ዓሣና ስለ ሰዓቱ የራስዎን ሥርዓት እርስዎ ያውቃሉ፤ ቅቤና እንቁላል ግን ቅጠሉ ካለበት ውስጥ የሉም። በፈጣን ምግብ ቤቶቹ በረዶ ያለው ውሃ በነጻ ይሰጣል፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

ብቻውን ያለ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቅለት ዕቃ ስልኩ ነው። ትኬቱ፣ የክፍሉ ቁልፍ፣ የምግብ ትዕዛዙ፣ ካርታው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ «አንቺ በስልክሽ እዪልኝ» የሚሉት ሰው አጠገብዎ የለም። ፓወር ባንክ ይያዙ፤ በአውሮፕላን ሲሄዱ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ሆቴል ሲደርሱ የክፍሉን ካርድ ይጠይቁ፤ ስልኩ ቢሞት በሩን ይከፍትልዎታል። ቤተሰብ ውስጥ አንድ ሰው የሆቴሉን ስምና የየቀኑን ፓርክ ይወቅ። እናት አሜሪካም ትሁን አዲስ አበባ፣ «ብቻሽን?» የሚለውን ጥያቄ የሚያበርደው ማስረዳት አይደለም፤ ማታ ማታ የሚላክ አንድ መልእክት ነው። ራስ ቢያዞር ወይም እግር ቢቆስል በእያንዳንዱ ፓርክ የመጀመሪያ እርዳታ ክፍል አለ፤ ፕላስተር ለመጠየቅም ቢሆን መግባት ይቻላል።

ወቅቱ የራሱ ሕግ አለው። በፈረንጆች ወራት ከሰኔ እስከ ኅዳር 30 ያለው የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። በበጋቸው ከሰዓት በኋላ መብረቅ የተለመደ ስለሆነ ስካይላይነሩና ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። በዚያን ጊዜ ስካይላይነሩን አውቶቡስ ይተካዋል፤ ወረፋው ግን ይረዝማል። ሰማዩ ሲጠቁር በኤፕኮት በጀልባ የአትክልት ቤቶቹን የሚያስጎበኘውን ሊቪንግ ዊዝ ዘ ላንድ ይዘው ይጠብቁ፤ ዝናቡ ሲያባራ ብዙ ሰው ወጥቶ ስለሄደ ውጭው ይቀልልዎታል። በልጆች ትምህርት ምክንያት ከሁሉ ጭር የሚለው መስከረም ነው፤ ሙቀቱንና የአውሎ ነፋሱን ስጋት የሚችል ሰው በዚያ ወር ርካሽ ክፍል ያገኛል። እኔ ብመርጥ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ፤ ጃኬት ይዞ።

ለመጀመሪያው ጉዞ አምስት ሌሊትና አራት የፓርክ ቀን በቂ ነው። ማጂክ ኪንግደምን በመጀመሪያው ቀን አያድርጉት፤ ከሁሉ ሰው የሚበዛበት እሱ ነው። አኒማል ኪንግደም ቀደም ብሎ የሚዘጋ፣ ዛፍ የበዛበት ፓርክ ስለሆነ መንገዱን ለመልመድ ይመቻል። በመሃል ኤፕኮትና ሆሊውድ ስቱዲዮስ፣ ሁለቱንም በስካይላይነር። ማጂክ ኪንግደም መጨረሻ ላይ፣ አውቶቡሱንም ወረፋውንም ሲያውቁት።

በመመለሻው ቀን ክፍሉን ጠዋት ቢያስረክቡም ሻንጣዎን የሆቴሉ ሻንጣ ጠባቂዎች ተቀብለው ያቆዩልዎታል፤ ባዶ እጅዎን ስካይላይነሩ ላይ ወጥተው ወይም ሐይቁን በእግር ዞረው እስከ ከሰዓት መቆየት ይችላሉ። የአየር ማረፊያው አውቶቡስ በየሆቴሉ እየቆመ ሰው ስለሚሰበስብ ከበረራው ሦስት ሰዓት ከግማሽ ያህል ቀድሞ የሚነሳውን ይያዙ። ቦታውንም መሄጃውን በገዙበት ቀን አብረው ይያዙት፤ በዓል በሆነበት ሳምንት ቶሎ ይሞላል።